ጥርጣሬውን ለማን ሰጠሽው?

ጥያቄ፦ "የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። የመጀመሪያ ረጅም ፊልሜን ልሠራ ተነሥቻለሁ፤ ዘውጉ ሥነ ልቦናዊ ልብ አንጠልጣይ ነው። ቀረጻው ደሴ ውስጥ በአንድ አሮጌ ግቢ፣ በአምስት ተዋንያን፣ በ12 ቀን የሚያልቅ ሲሆን ያለኝ ገንዘብ ከዘመድ የተሰበሰበ 400,000 ብር ነው። ሰዓዳ ከዓረብ አገር የተመለሰች ወጣት ናት፤ በተከራየችው ክፍል ውስጥ ሌሊት ሌሊት ሰው ይገባብኛል ትላለች። በግቢው ክርስቲያን አከራይ፣ የአፋር ነጋዴ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪ አሮጊት እና ቀጥቃጭ ይኖራሉ። በመጨረሻ ሁሉም ነገር በሰዓዳ ጭንቅላት የተፈጠረ ሆኖ ይገኛል፤ አከራይዋንም የምትገድላት እሷ ናት። ረቂቁን ካነበቡት ሰዎች አንዳንዶቹ 'ወሎ የመቻቻል አገር ነው፤ አርጎባውም አገውም ይግባበት' ይሉኛል። ሌሎቹ 'ብዝኃነት ውጥረቱን ይገድልብሻል፤ ተይው' ይላሉ። ክፉውን ሰው ከየትኛውም ወገን ባደርገው የሚቀየም አይጠፋም። ምን ይመክሩኛል? ረቂቁን አያይዣለሁ።"

ምላሽ፦

ሁለቱም ወገን መካሪዎችሽ ተሳስተዋል፤ የተሳሳቱትም በአንድ ምክንያት ነው። ብዝኃነትን እንደ በርበሬ ያዩታል፤ አንደኛው "ጨምሪበት" ይልሻል፣ ሌላኛው "ይበዛል፣ ይቅርብሽ" ይልሻል። የፍቅር ፊልም ብትሠሪ ኖሮ ክርክራቸው ጥቂት ትርጉም ይኖረው ነበር። ልብ አንጠልጣይ ፊልም ግን የሚገበያየው በጥርጣሬ ነው። ተመልካቹ ቁጭ ብሎ የሚሠራው ሥራ መጠርጠር ነው፤ አንቺ ደግሞ ጥርጣሬውን ለገጸ ባሕርያቱ የምታከፋፍይው ሰው ነሽ። እንግዲህ የሚጠየቀው ማን ይጠረጠራል፣ በምን ምክንያት ይጠረጠራል፣ የማንን ፍርሃት ከውስጡ ሆነን እናየዋለን የሚለው ነው። ግቢው ውስጥ ስንት ዓይነት ሰው አለ የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ረቂቅሽን በዚህ ዓይን አነበብሁት። በመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ገጾች ሰዓዳ ሦስት ሰዎችን ትጠረጥራለች። ነጋዴውን የምትጠረጥረው ዝምተኛ ስለሆነና ጊሌ (የአፋር ጩቤ) ስለታጠቀ ነው፤ አሮጊቷን "በማይታወቅ ቋንቋ" ስለምታንሾካሹክ፣ ቀጥቃጩን ደግሞ ዓይኑ በጨለማ "ስለሚያበራ" ነው። አከራይቱ እትዬ አስካለ የሁሉንም ክፍል ቁልፍ በመቀነቷ ቋጥራ ስትዞር ግን ማንም አይጠረጥራትም። ይህን ልብ ብለሽዋል? ሌሊት በተቆለፈ በር ሰው እየገባ፣ ቁልፍ የያዘችው ተትታ ጊሌ የያዘው ተጠረጠረ! ለሰዓዳ ይህን ያህል ሞኝነት አላሰብሽላትም። እጅሽ በልማድ ሄዶብሽ ነው፤ የሁላችንም እጅ ይሄዳል።

ለመሆኑ ይህ ልማድ ከየት መጣ? ወሎን በስክሪን ማየት ለእኛ ለተወላጆቹ ሁልጊዜ ትንሽ ያሳክካል። እ.ኤ.አ. በ1973 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኃብ ቀርጾ ለዓለም አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ ያው ምስል ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እየተፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ምስሉ ዙፋን ለመገልበጥ አገለገለ፤ ከእነዚያ ፊቶች የአንዱን ስም የሚነግረኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ከዚያ ወዲህ ወሎ በካሜራ ፊት የምትቀርበው ወይ እንደ ቆንጆ ልጅ ነው፣ ወይ ሼኩና ቄሱ ተቃቅፈው በሚታዩበት ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ ውሸት ነው አልልም፤ እንዲያውም እውነት ነው። ነገር ግን በዚያ ፎቶግራፍ ውስጥ ያሉ ሰዎች አይፈሩም፣ አይዋሹም፣ ሌሊት አይባንኑም። "የመቻቻል አገር ነው" የሚሉሽ መካሪዎች ያንን ፎቶግራፍ ወደ ግቢሽ አስገቢው እያሉሽ ነው። ከገባልሽ ፊልምሽ የባህል ማዕከል ትርኢት ይሆናል።

ስለዚህ አርጎባና አገው አትጨምሪ። ያሉሽን አምስቱን ግን ሰው አድርጊያቸው።

በነጋዴው እንጀምር። በረቂቅሽ ውስጥ ስም የሌለው እሱ ብቻ ነው፤ ከገጽ እስከ ገጽ "አፋሩ" እየተባለ ይሄዳል። ሑመድ በዪው፤ ከስሙ ጀምሮ ብዙ ነገር ይለወጣል። ሑመድ በየሰኞው ባቲ ገበያ የሚውል፣ ከቆላ ወጥቶ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ የሚያድር ሰው ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ከተማዋን ሲውጣት እሱ ምን ይሰማዋል? ለአንቺ ጉም የፍርሃት ጌጥ ነው፤ አድማሱን እያየ ላደገ ሰው ግን ጉም መታወር ነው። ግቢው ውስጥ ከሁሉም ይበልጥ የሚፈራው ሰው እሱ ሊሆን ይችላል። ሌላም ነገር አለ። የአፋር ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ለመናገር ከልጅነታቸው የሠለጠኑ ናቸው። ግቢሽ ውስጥ ሌሊት የሆነውን አይቶ በትክክል ሊናገር የሚችል ምስክር ተቀምጧል፤ ማንም ቀርቦ አይጠይቀውም፤ ጊሌውን አይተው ይሸሹታል። እንዲህ ከሆነ ውጥረቱ ይሞታል ወይስ ይጠነክራል? አንቺው ፍረጂ።

አሮጊቷ ደግሞ "በማይታወቅ ቋንቋ" ታንሾካሹካለች ብለሻል። ለማን ነው የማይታወቀው? ፊልምሽ ከሚሴ ወይም ባቲ ቢታይ ብዙው ተመልካች ይሰማታል። እሷን ለማስፈራሪያ ብቻ ከተጠቀምሽባት እነዚያ ተመልካቾች ይሥቁብሻል፤ መሣቃቸውም አግባብ ነው። እኔ ብሆን የምታንሾካሹከውን እንዲህ አደርገው ነበር፦ "በልበላ ጩፊ።" በሩን ዝጊ ማለት ነው። ሰዓዳ ከወረኢሉ በኩል የመጣች ናት፣ ኦሮምኛ አትሰማም፤ እርግማን መስሏት ትሸሻለች። ኦሮምኛ የሚሰማው ተመልካች ግን ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል፤ አሮጊቷ እየመከረቻት እንደሆነ ያውቃል። የልብ አንጠልጣይ ፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ስለዚህ ነገር የታወቀ ማብራሪያ አለው፦ ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ መኖሩን ተመልካቹ ብቻ ካወቀ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ የሚደረገው ተራ ወሬ ሁሉ ጭንቅ ይሆናል። የአንቺ ቦምብ ቋንቋ ነው። ለዚያ ትዕይንት የግርጌ ጽሑፍ አታድርጊ፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ትዕይንቱ በሰዓዳ ትዝታ ሲመለስ ግን ትርጉሙን አስገቢው። ያኔ ያልገባው ተመልካች አሮጊቷን በመጠርጠሩ ጥቂት ያፍራል። ይህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አያስወጣሽም።

ቀጥቃጩ ላይ ግን አጥብቄ እናገርሻለሁ። ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔ፣ ቆዳ ፋቂ በአገራችን "ቡዳ" እየተባሉ የደረሰባቸውን ታውቂዋለሽ። ይህ ተረት አይደለም፤ ሰው ከማዕድ ተገልሎበታል፣ ከጋብቻ ተከልክሎበታል፣ ተደብድቦበታል። ካሜራሽ የቀጥቃጩን ዓይን አቅርቦ ሲያበራው ያንን ውንጀላ አንቺ ራስሽ እየደገምሽው ነው፤ በመጨረሻ ንጹሕ ሆኖ መገኘቱ አያካክሰውም፤ ምክንያቱም ተመልካቹ ሰማንያ ደቂቃ ሙሉ በደስታ ጠርጥሮታል። ዓይኑን ተይውና ወናፉን ቅረጪ። የወናፍን ድምፅ በግድግዳ ማዶ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ልክ እንደ ትልቅ ሰው ትንፋሽ ነው፤ ይስባል፣ ይቆማል፣ ይለቃል። ሰዓዳ ሌሊት የምትሰማው ትንፋሽ እሱ ይሁን፤ ቀጥቃጩ ለሰኞ ገበያ ማረሻ ለማድረስ እየሠራ ነው። ከዚያ ለሦስት ደቂቃ ብቻ ግድግዳውን ተሻግረሽ ከእሱ ጎን ሁኚ። ቡና ሲጠራ ሲኒው ለብቻው እንደሚቀመጥ፣ ጎረቤት ልጇን ሲያልፍ በነጠላዋ እንደምትሸፍን ከእሱ ዓይን እንየው። የሚያስፈራው ግድግዳ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ነው ብለን ነበር፤ ለእሱ ደግሞ ግድግዳ ወዲያ ማዶ ያለነው እኛ ነን።

እዚህ ላይ ለራሴ የምጠቀምበትን መፈተኛ ልስጥሽ። የገጸ ባሕርዩን ስም ለውጪው፤ ሙስሊሙን ክርስቲያን፣ አፋሩን አማራ አድርጊው። የሚጠረጠርበት ምክንያት ከተነነ፣ ጥርጣሬውን የሠራሽው ከሰውየው ሳይሆን ከወገኑ ነው፤ ጣይው። ነገሩ በዚህ አያበቃም፤ ስሙን ስትለውጪው ከአነጋገሩ፣ ከጓዳው፣ ከልማዱ ምንም ካልተለወጠ ደግሞ መጀመሪያውንም ሰው አልነበረም፤ ስም የተለጠፈበት እንጨት ነበር። ጥርጣሬው ስም ሲለወጥ የማይናወጥ፣ ኑሮው ግን ስም ሲለወጥ የሚፈርስ ገጸ ባሕርይ ያስፈልግሻል። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት ከባድ ነው። እኔም ብዙ ጊዜ ወድቄበታለሁ።

ኑሮ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በጓዳ ላሳይሽ። ወሎ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ግቢ ሲኖሩ ብዙውን ጊዜ ሥጋ አብረው አይበሉም፤ ሠርግም ሲሆን ለየራሳቸው ይታረዳል፣ ወጡም ለየብቻ ይሠራል። ስለዚህ ደግ አከራይ ለሙስሊም ተከራይዋ ቢላዋና ድስት ለይታ ታስቀምጣለች። በረቂቅሽ ውስጥ ይህ የለም፤ ከኮምቦልቻ የመጣሽው ልጅ እንዴት ረሳሽው? እትዬ አስካለ በመጀመሪያው ቀን አዲስ ቢላዋ ገዝታ፣ በቀይ ክር አስራ፣ "ይኸ የአንቺ ነው፤ የእኛ እጅ አይነካውም" ብላ ለሰዓዳ ትስጣት። በፊልሙ አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት ያ ቢላዋ ስብ ተቀብቶ በአከራይቱ ሰሃን ላይ ይገኝ። ደም የለም፣ ጩኸት የለም፣ ማጀቢያ ሙዚቃ የለም። ወሎ ያደገ ተመልካች ሁሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ መስጊድ፣ አንጀቱ ይላወሳል፤ እዚህ ቤት አንድ መተማመን እንደተሰበረ ገብቶታል። ሌላው ተመልካች ከመጀመሪያው ቀን ንግግር የተነሣ ይደርስበታል። "ብዝኃነት ውጥረቱን ይገድልብሻል" ላለሽ ሰው መልሱ ይህ ቢላዋ ነው።

አሁን ወደ ሰዓዳና ወደ መጨረሻው እንምጣ፤ ዋናው ሕመም እዚያ ነውና። "ሁሉም በጭንቅላቷ ነበር፤ ገዳይዋም እሷ ናት።" ይህን ፍጻሜ በየአገሩ ስንት ጊዜ አይተነዋል? ብዙ ስለታየ ብቻ ግን አልነቅፈውም። የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ጥቃት ከሚፈጽሙበት ይልቅ ጥቃት የሚደርስባቸው ይበዛል፤ በሽተኛዋን ገዳይ የሚያደርገው ፍጻሜ እውነታውን ይገለብጠዋል። አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ በኖረበት አገር፣ ሰው የታመመ ልጁን ደብቆ በሚያኖርበት አገር፣ ይህ ፍጻሜ ከሲኒማ አዳራሹ ወጥቶ ሰፈር ይገባል።

ሰዓዳ ደግሞ ተራ ሰው አይደለችም። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ ብቻ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰው ነበር፤ ከእነሱ መካከል የወሎ ልጆች ብዙ ነበሩ። ደሴም ኮምቦልቻም ፊልሙ ሲታይ ከአዳራሹ ውስጥ ሰዓዳዎች ይቀመጣሉ። "እብድ ሆና ተመለሰች" የሚለውን ሐሜት በየሰፈሩ ሲሰሙት ኖረዋል፤ አንቺም ትጨምሪበታለሽ?

ይልቅስ ወደ ፍርሃቷ ጠልቀሽ ግቢ። በከፋላ አሠራር ሠራተኛዋ በአሠሪዋ ስም የታሰረች ናት፤ ፓስፖርቷ ብዙ ጊዜ በአሠሪ እጅ ይቀመጣል። በሩ ከውጭ የሚቆለፍባት፣ የምትተኛበት ክፍል ደግሞ ከውስጥ መቆለፊያ የሌለው የቤት ሠራተኛ አስቢ። ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት ቁልፍ ማለት ሁለት ነገር ነው፦ ከውስጥ ስትቆልፈው ደኅንነት፣ ከውጭ ሲቆለፍባት እስር። ደሴ ተመልሳ የተከራየችው ክፍል መቆለፊያ በየትኛው በኩል ነው? ይህን አንድ ነገር ወስነሽ ከጻፍሽ ግማሹ ፊልም ራሱን ይጽፋል።

ሌሊቱንም ቢሆን "ቅዠት ነው፤ እውነት ነው" በሚል ሁለት መንገድ ብቻ አትወስኚው። ዱካክ የሚባለውን ታውቂያለሽ፤ ሰው ነቅቶ ሳለ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፣ ደረቱ ላይ አንዳች ነገር ተቀምጦ ያስጨንቀዋል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፦ በሕልም ሰዓት ጡንቻዎቻችን እንዳይንቀሳቀሱ አንጎላችን ያስራቸዋል፤ አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃል፣ ገላ ታስሮ ይቆያል። እንቅልፍ የተዛባበት፣ የተጨነቀ ሰው ይበዛበታል። ሰዓዳ ዱካክም ይኑርባት፣ ክፍሏ ውስጥም በእውነት ሰው ይግባባት። ሁለቱም እውነት ሲሆኑ ማንም አያምናትም፤ እሷም ራሷን አታምንም። ጎረቤቷ ጠበል ትበላት፣ አክስቷ ዱዓ ታስደርግላት፣ ነርሷ መድኃኒት ትስጣት፤ ሦስቱም ከልባቸው ይሁኑ፣ አንዳቸውም መሳለቂያ አይሁኑ። የወሎ ሰው ሦስቱንም በር በአንድ ሳምንት ያንኳኳል፤ ምንም የሚያስቅ ነገር የለውም።

እንግዲያው የሚገባው ማን ነው? "ከየትኛውም ወገን ባደርገው የሚቀየም አለ" ብለሻል። ልክ ነሽ፤ የሚቀየመው ግን ከእያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ ሰው ብቻ ስላስገባሽ ነው። ብቸኛ ተወካይ ሲያጠፋ ወገኑ ሁሉ አጠፋ። መፍትሔው ወገን መጨመር ሳይሆን ከአንዱ ወገን ሁለት ማድረግ ነው። እኔ ብሆን ሰዓዳን ወደ ዓረብ አገር የላካትን ደላላ አስገባዋለሁ፤ የአጎቷ ልጅ፣ በእሷው ሃይማኖት፣ በእሷው አነጋገር የሚናገር፣ "አብሽሪ" እያለ የሚያጽናና፣ ይዛ የመጣችውን ገንዘብ የሚፈልግ። ቁልፉን ከእትዬ አስካለ የሚያገኘው በምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ዕዳ ሊሆን ይችላል። ክፋቱ ከወገን ሳይሆን ከጥቅም የበቀለ ነው፤ ከጎኑ ደግሞ ሰዓዳም አክስቷም ሙስሊሞች ናቸውና እሱ ማንንም አይወክልም፣ ራሱን ብቻ። ለእሱና ለአክስቲቱ የምትከፍይውን ሁለት ተዋናይ ከየት አመጣለሁ ካልሽ፣ ለአርጎባውና ለአገው ተዋናይ ልታወጪው ከነበረው።

ስለ ስም አንድ ነገር ላክልና ልለፍ። ወሎ ውስጥ "ሰዓዳ መሐመድ ወልደ ማርያም" የሚል መታወቂያ ቢታይ ማንም አይደነግጥም። ይህ ከየት እንደመጣ ደሴ ደጃፍ ላይ ያለው ቦሩ ሜዳ ይነግርሻል። በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጊዜ በተደረገው ጉባኤ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ተወሰነ፤ የወሎው ገዥ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው "ሚካኤል" ተባሉ፣ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። ከሕዝቡ መካከል "ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም" እየሆነ የኖረ ብዙ ነበር። የውጭ ፊልሞች "በአንድ ገላ ሁለት ሰው" የሚለውን ነገር በበሽታ ስም ሲያራቡት፣ የእኛ ቅድመ አያቶች ሁለት ሰው ሆነው መኖርን እንደ ጥበብ ያውቁት ነበር። በፊልምሽ ውስጥ አንዲት አረፍተ ነገር እንኳን ይበቃዋል፤ አሮጊቷ "ሌሊትማ ሌላ ሰው መሆን ድሮም የእኛ ነው" ብትል።

ከውጭ ሁለት ምሳሌ ብቻ። ጆርጅ ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1968 "ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ" የተባለውን አስፈሪ ፊልም በ114,000 ዶላር ገደማ ሲሠራ አብዛኛው ታሪክ የሚካሄደው በአንድ የገጠር ቤት ውስጥ ነበር። መሪውን ሚና ለጥቁሩ ተዋናይ ለድዌይን ጆንስ የሰጠው በፈተናው ከሁሉም ስለበለጠ መሆኑን ተናግሯል፤ ሚናው ለጥቁር ሰው ተብሎ አልተጻፈም። ነገር ግን ያ ገጸ ባሕርይ ሌሊቱን ተርፎ ጠዋት መሣሪያ በታጠቁ ነጮች ሲገደል፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉበት ዓመት፣ ጽሑፉ ያላሰበው ትርጉም ተሸከመ። ከዚህ የምትወስጂው "ችሎታ ያለውን ምረጪ" የሚለውን ብቻ አይሁን፤ ተዋናይ ከመረጥሽ በኋላ ጽሑፉን እንደገና አንብቢው፤ ያ ፊት ያንን ትዕይንት ሌላ ነገር ሊያደርገው ይችላል። ጆርዳን ፒል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 "ጌት አውት"ን በ4.5 ሚሊዮን ዶላር ሠርቶ በጽሑፉ ኦስካር አገኘ፤ የፍርሃቱ ዓይን የነጭ ፍቅረኛውን ቤተሰቦች ሊጎበኝ ከሄደው ጥቁር ወጣት ጋር ስለነበረ የነጮቹ ፈገግታ ራሱ ማስፈራሪያ ሆነ። ኦስካር ራሱ ለምርጥ ፊልም ከአራት የብዝኃነት መስፈርቶች ሁለቱን ማሟላት ይጠይቃል፤ ይህ ቅጽ ነው፣ ቅጽ ደግሞ ይሞላል። አንቺን የሚመለከትሽ አይመስለኝም።

ስለ ቀረጻው ጥቂት ነገር። ቀይ ተዋናይ ብቻ እንዳትመርጪ፤ "ጠቆር ያለ ፊት በጨለማ አይታይም" የሚል የካሜራ ባለሙያ ካጋጠመሽ ጥፋቱ የፊቱ አይደለም። የቀለም ፊልም ለብዙ ዘመን የሚስተካከለው በነጭ ሴት ፎቶግራፍ ነበር፤ አስተሳሰቡ ከዚያ የተረፈ ነው። ፊቱ ላይ ብርሃን ከመጨመር ይልቅ ከጎን በኩል ነጭ ጨርቅ ወይም ፎም አቁመሽ ብርሃኑን አንጸባርቂበት፤ ቆዳውን ትንሽ ቅባት ቀቢው፤ ከኋላው ያለውን ግድግዳ ከፊቱ ትንሽ አብሪው። ጠይም ጉንጭ በኩራዝ ብርሃን እንደሚያምር የሚያምር ነገር የለም።

ድምፅ ላይ ደግሞ አዛንን የፍርሃት ማጀቢያ እንዳታደርጊ፤ ቅዳሴንም እንዲሁ። የውጭ ፊልሞች ይህን አላግባብ ለምደውታል። ደሴ ውስጥ ሁለቱም ከንጋት በፊት ይሰማሉ፤ ለሰዓዳ ሌሊቱ ማለፉን የሚያበሥሩ ድምፆች ይሁኑ፤ ትንፋሿ ረገብ ይበል። ማስፈራሪያ ሙዚቃ ከፈለግሽ አንድ መሰንቆ በአንቺ ሆዬ ቅኝት ይበቃሻል፤ በውስጡ ያሉት ጠባብ የድምፅ ርቀቶች ሳያስቡት ቆዳ ያሸማቅቃሉ። ባቲና አምባሰል ስማቸውን ከዚሁ ከእኛ አገር ያገኙ ቅኝቶች ናቸውና ለትዝታው ትዕይንት አቆያቸው።

ጩኸት ያለበትን ትዕይንት ከመቅረጽሽ በፊት ግን ለሰፈሩ ቅሬ (እድር) አስታውቂ። እኔ ይህን የተማርሁት በኀፍረት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ አነስተኛ ቀረጻ ላይ ተዋናይቷን በሌሊት ሦስት ጊዜ ኡኡ አሰኘናት። በሦስተኛው በሩ በዱላ ተነረተ፤ ስንከፍት አባወራው፣ ዲያቆኑ፣ ከመስጊድ የተመለሱት ሽማግሌ፣ ሕፃን ያዘለች እናት ሁሉ ቆመዋል። ጦርነት በገባበት ከተማ የሌሊት ጩኸት ምን እንደሚቀሰቅስ አላሰብንም ነበር። አንዲት አዛውንት እስኪነጋ እየተንቀጠቀጡ አደሩ። ማግሥቱን ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን፤ ቡና አፍልተው ተቀበሉን፤ ያም ከስድብ የከፋ ሆነብኝ። እነዚያን ሰዎች አስቀድመን ብንነግራቸው ኖሮ ደግሞ ሁሉም በነጻ ያጅቡን ነበር።

ረቂቁን ካስተካከልሽ በኋላ ለባለሙያ ከመላክሽ በፊት አሮጊቷ የምትናገረውን ለኦሮምኛ ተናጋሪ አሮጊት፣ የሑመድን ክፍል ባቲ ለሚውል የአፋር ነጋዴ፣ የሰዓዳን ለተመለሰች ልጅ አንብቢላቸው። "እንዲህ አንልም" የሚሉሽን ጻፊ፤ ለሰጡሽ ጊዜም ክፈያቸው፤ ከ400,000 ብሩ ላይ ይህ መስመር አይቀነስ። ቀረጻውን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ካሰብሽው ጉሙ በነጻ ይመጣልሻል፤ ነገር ግን የቆርቆሮው ጣሪያ ዝናብ ሲወርድበት ንግግር ስለሚውጥ በጆንያ ወይም በሣር አልብሺው፤ ከ12ቱ ቀን ሁለቱን ለድምፅ ብቻ አስቀሪ። የቢላዋውን ትዕይንት እንደገና ጽፈሽ ስትጨርሺ ላኪልኝ።